ሲፈስ የምንጮህለት፣ ሲለመን የምንሸሸው ደም

(ከበርባንክ፣ ሎስ አንጀለስ)

ዛሬ የምጽፈው ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ተቃዋሚዎች መከፋፈል አይደለም። ስለ ደም ነው። «ስለ ደም መች ጽፈን ጠገብን!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለፈሰሰው ደም ብዙ ጽፈናል። ሻማ አብርተናል። በዊልሻየር ጎዳና ከፌዴራሉ ሕንፃ ደጃፍ ቆመን ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸናል። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ሌላውን ደም ነው፤ ማንም ሳይተኩስ፣ ማንም ሳያስገድድ፣ ሰው በፈቃዱ ክንዱን ዘርግቶ ስለሚሰጠው ደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በምኖርባት በበርባንክ፣ ከመሥሪያ ቤታችን የመኪና ማቆሚያ ላይ በየጥቂት ወሩ አንድ ረጅም አውቶብስ ይመጣል። የሚጭነው መንገደኛ ሳይሆን ደም ነው። ለዓመታት እንዳላየ አልፌው ኖሬአለሁ። በቅርቡ ግን አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ወደዚያ ስትሄድ «አንተስ አትመጣም?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝና ተከትያት ገባሁ። ግፊቴ ተለካ፣ ጣቴ ተወጋ፣ ጥያቄው ቀጠለ። ባለፉት ሦስት ወራት ከአሜሪካ ውጪ ነበርክ? አዎን። የት? ኢትዮጵያ። ኢትዮጵያ ውስጥ የት? አዲስ አበባ፣ ከዚያም የአክስቴን ለቅሶ ለመድረስ ባሕር ዳር። ነርሷ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና በጣም በትሕትና ዛሬ ደሜን መቀበል እንደማትችል ነገረችኝ። ምክንያቱንም አስረዳችኝ፤ እኔ ግን አልሰማኋትም። ጆሮዬ ውስጥ የሚያስተጋባው «አንተ ኢትዮጵያዊ ነህና ደምህ አይፈለግም» የሚል፣ እሷ ፈጽሞ ያላለችው ዓረፍተ ነገር ነበር። ለለጋሾች የተዘጋጀውን ጭማቂ ብትሰጠኝም ሳልቀምሰው ወጣሁ።

እሑድ የሆሊውድን ኮረብታ ተሻግሬ ወደ ፌርፋክስ ወረድኩ። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማትን መንደራችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከቅዳሴ መልስ ቡና ይዘን በምንቀመጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ የገጠመኝን ተናገርኩ። ጠረጴዛው ጋለ። አንዱ «ሃያ ስምንት ዓመት ቀረጥ ስንከፍል ገንዘባችን ንጹሕ ነው፣ ደማችን ነው የቆሸሸው?» አለ። አንዲት እትዬ የምንላቸው እናት ደግሞ «እኔስ በሁዳዴ ሄጄ ‹ደም የለሽም› ተብዬ ተመለስኩ፤ ደም የሌላት ሴት ሆኜ ቀረሁ» ብለው አሳቁን። ሄሞግሎቢናቸው ከሚፈለገው ዝቅ ብሎ ኖሯል። ለሴት 12.5፣ ለወንድ 13 መድረስ አለበት። የደም ማነስ ምርመራ በነፃ ተደረገላቸው እንጂ አልተሰደቡም፤ እሳቸው ግን ያንን የሰሙት እንደ ስድብ ነው፣ ከዚያ ወዲያም አልተመለሱም።

በዚህ መሐል እዚሁ ተወልዶ ያደገ የአንድ ወዳጄ ልጅ፣ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ቀና አለና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሦስት ጊዜ ሰጥቻለሁ» አለ። እናቱ ስኒዋን አስቀመጠች። «ምን ሰጠህ?» «ደም፤ በትምህርት ቤት።» «ደምህን? ሳትነግረኝ?» «17 ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ፈቃድ አያስፈልግም።» እኛ ሽማግሌዎቹ «ደማችንን አንቀበልም አሉን» እያልን ስንቆጣ፣ የዚያው ደም ልጅ ሦስት ጊዜ ሰጥቶ፣ ለማያውቃቸው ሦስት ሰዎች ደርሶ፣ ለእናቱ እንኳ አልነገረም። ወደ በርባንክ ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ሳስብ የመጣሁት ይህንኑ ነበር።

በችኮላ ግን ቁጣችን መሠረት የለሽ ነው አልልም። መሠረት አለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1990 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍ ዲ ኤ) ከሃይቲና ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የመጣ ሰው ሁሉ ደም እንዳይሰጥ መመሪያ አወጣ። ምክንያቱ ኤድስ ነበር። ልብ በሉ፤ «የት ሄድክ? ምን አደረግህ?» ተብሎ ሳይሆን «የማን አገር ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው በሩ የተዘጋው። ኢትዮጵያም ከሰሃራ በታች ያለች አገር ናትና እኛም የዚያ ቃል ተካፋዮች ነበርን። እኔ በዚያ ዓመት እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነዳጅ ማደያ ሌሊት እሠራ ነበር፤ ስለ መመሪያው የሰማሁት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሃይቲያውያን ግን ሰምተው ዝም አላሉም። ኤፕሪል 20 ቀን 1990 ከሃምሳ ሺህ የማያንስ ሕዝብ የብሩክሊንን ድልድይ ሞልቶ ወደ ማንሃተን ተመመ፤ ድልድዩ እየተንቀጠቀጠ ነው የተሻገሩት ይባላል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር መመሪያው ተነሳ። ታክሲ ነጂው፣ ሞግዚቷ፣ ጽዳት ሠራተኛው በእግሩ ሄዶ የአንድን ታላቅ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ቃሉን አስለወጠው። እኛም ሳንሰለፍ ከዚያ ድል ተጠቃሚ ሆንን።

የእስራኤሉ ደግሞ ይበልጥ ያማል፤ የገዛ ወገኖቻችን ታሪክ ነውና። በጃንዋሪ 1996 ማሪቭ የተባለው ጋዜጣ፣ ቤተ እስራኤላውያን የሰጡት ደም ለዓመታት በምስጢር ሲጣል መኖሩን አወጣ። በግልጽ «አንቀበልም» አልተባሉም። ክንዳቸው ይታሰራል፣ መርፌው ይገባል፣ ከረጢቱ ይሞላል፣ ይመሰገናሉ፤ ከዚያ ደሙ ይደፋል። ከጎንደር በሱዳን በረሃ በእግራቸው የተጓዙ፣ በመንገድ ዘመድ የቀበሩ፣ ልጆቻቸውን ለአገሪቱ ጦር የሰጡ ሰዎች ደም ነው የተደፋው። በዚያው ወር መጨረሻ አሥር ሺህ ያህል ሰዎች ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፣ ብዙዎች ተጎዱ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ አሠራሩን ነቀፈ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። በዲሴምበር 2013 ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ በሦስት ዓመቷ እስራኤል የገባችው የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ እዚያው ፓርላማው ውስጥ ደም ልትሰጥ ብትቀርብ በመመሪያው መሠረት ተመለሰች። አፈ ጉባኤው የደም ሰብሳቢዎቹን ጣቢያ ከግቢው አስወጣ። የጤና ሚኒስቴሩ ገደቡ እንደሚነሳ ያስታወቀው ገና በ2016 መጨረሻ ነበር። እሷም በ2020 ኢትዮጵያ ተወልዳ የአገሪቱ ሚኒስትር ለመሆን የመጀመሪያዋ ሆነች።

እዚሁ ደጃፋችን ደግሞ ሌላ ምስክር አለን። ከፌርፋክስ ወደ ደቡብ ስትነዱ ዊሎብሩክ ሰፈር በቻርልስ ድሩ ስም የሚጠራ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ አለ። ድሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በቦምብ ለምትደበደበው እንግሊዝ ፕላዝማ የማሰባሰቡን ሥራ የመራ፣ የደም ባንክን አሠራር ካቀኑት ዋነኞች አንዱ። በቀጣዩ ዓመት ግን ለአሜሪካ ጦር የሚሰበሰበው ደም የጥቁርን ሰው ደም አልቀበልም አለ። በ1942 ተቀበለ፤ ነገር ግን ከነጩ ደም ለይቶ። የደም ባንክን ያደራጀው ሰው ደሙ ለብቻው ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። ድሩ መለያየቱ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው በግልጽ ተናገረ። ቀይ መስቀል ያንን አሠራር የተወው እሱ በመኪና አደጋ በሞተበት በ1950 ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ይህ ነው። እኔ በበርባንክ አውቶብስ ውስጥ የደረሰብኝ የዚህ ግፍ ተከታይ ነው ወይስ አይደለም?

አይደለም። ለመቀበል ሳምንታት ፈጀብኝ እንጂ አይደለም። ነርሷ የጠየቀችኝ «ምን ነህ?» ብላ ሳይሆን «የት ነበርክ?» ብላ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ሥራ በኋላ አጠገቤ ተሰልፎ የነበረው ነጭ አሜሪካዊ ለሽርሽር ጣና ዳር ቢሰነብት ኖሮ እሱም ይመለስ ነበር። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳልወጣ ብመለስ ኖሮ በዚህ ምክንያት አልመለስም ነበር፤ አዲስ አበባ ወባ ካለባቸው ቦታዎች አትቆጠርምና። የወባ ተውሳክ ሕመም ሳያሳይ ደም ውስጥ መደበቅ ይችላል፤ በተቀባዩ በሽተኛ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ይገድላል። ስለዚህ ወባ ወዳለበት ቦታ ተጉዞ የተመለሰ ሦስት ወር ይጠብቃል፤ እስከ 2020 ድረስ ዓመት ሙሉ ነበር። ወባ ካለበት አገር ለመኖር የመጣ አዲስ ስደተኛ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ወባ የታመመም እንዲሁ ከዳነ ሦስት ዓመት። ቀን የተቆረጠለት መጠበቅ ቀጠሮ ነው፤ በዘር የሚዘጋ በር ግን ቀን የለውም። ልዩነቱን ካላወቅን ለቀጠሮው እንቆጣለን፣ እውነተኛው ግፍ ሲመጣ ደግሞ ድምፃችን አልቆ ይገኛል።

መመሪያ ሁሉ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ምርመራ ሲሻሻል ጥርጣሬ መቀነስ አለበት፤ የማይቀንስ ከሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2023 ይኸው ኤፍ ዲ ኤ ለጋሹን በየትኛው ወገን እንደሚመደብ መጠየቅ ትቶ እያንዳንዱን ሰው በግል አድራጎቱ ብቻ እንዲጠየቅ አደረገ። በ2024 ደግሞ የለጋሾችን ደም ለወባ የሚመረምር የመጀመሪያውን መሣሪያ ፈቀደ። መጪው ዘመን «የት ነበርክ?» የሚለውም ጥያቄ የሚያጥርበት ነው።

እስኪ ደግሞ ቁጣችንን ወደ ባለቤቱ እንመልሰው። በርባንክ ላይ የመለሰችኝ ነርስ ሳትሆን ወባ ናት። በ1958 በአገራችን ደጋማ ቦታዎች የገባው የወባ ወረርሽኝ ወደ መቶ ሃምሳ ሺህ ሕዝብ እንደጨረሰ ተመዝግቧል። ይህ ከሆነ ስንት ትውልድ አለፈ? በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት በኢትዮጵያ ከሰባት ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ገለጸ። ሰባት ሚሊዮን! ጦርነት መንገድ ሲዘጋ አጎበርም፣ የወባ መድኃኒትም፣ ኬሚካል ረጪም አይደርስም። ወባ ደግሞ የልጅ ደም ትበላለች፤ በወባ ደሙ ያለቀ ሕፃን የሚድነው ሌላ ሰው በሰጠው ደም ነው። ለሦስት ወር በመታገዴ የተቆጣሁ ሰው፣ ስለዚያ ሕፃን ምን ያህል ተቆጥቻለሁ? መልሴ ያሳፍረኛል።

ሌላም የማንናገረው ነገር አለ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት አንዳንዶቹ «ደማችን ተናቀ» የሚሉት ቀርበው ተመልሰው አይደለም። ምርመራውን ፈርተው ነው። የሚሰጥ ደም ሁሉ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝና ለሌሎችም ይመረመራል፤ ውጤቱም ለባለቤቱ ይነገራል። ሄፓታይተስ ቢ በእኛ አገር ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት የሚኖር የጉበት ቫይረስ ነው። የተገኘበት ሰው ደም መስጠት አይችልም፤ ነገር ግን ማወቁ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ጉበቱን እንዲያድን ያደርገዋል። መስጠት የማይችል ሰው ኃጢአተኛ አይደለም፤ ማንም «ለምን አልሰጠህም?» ብሎ ሊያፋጥጠው አይገባም። ምርመራ ፈልጎ ብቻ ደም ለመስጠት መሄድም ስህተት ነው፤ በሽታ ገና ሲጀምር ምርመራው ሊስተው ይችላልና ለመመርመር ወደ ክሊኒክ ነው የሚኬደው። ጥያቄው ላይ መዋሸት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ውሸቱን የሚከፍለው አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ነው።

አሁን የራሴን ዕዳ ልናገር። እኔ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ፣ እኅቴ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ስትወልድ ደም ፈሰሳት። በዚያን ጊዜ ወግ፣ ደም የሚሰጠው ቤተሰቡ ምትክ ሲያመጣ ነበር። ሐኪሙ ወጥቶ «ሁለት ሰው ቶሎ ይምጣ» ሲል በግቢው ውስጥ አሥራ አንድ ዘመድ ነበር። ወንድሜ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ የስኳር በሽታ አለብኝ አለ፣ አንዱ ቆሎ ልግዛ ብሎ እንደወጣ ቀረ፣ አንዱ ጾመኛ ነኝ አለ። ወንድሜ ራሱ ሰጠ። ሁለተኛውን የሰጠው የራሱን በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ፣ በቀን ሥራ የሚተዳደር የማያውቁት ጎልማሳ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ገባ፣ ሰጥቶ ወጣ፣ ሲፈልጉት አጡት። እኅቴ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። የዚያን ሰው ብሔር የጠየቀ አልነበረም። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ኦ ወይም ኤ እንጂ የክልል ቁጥር አይደለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ በዚያ ግቢ ብኖር ኖሮ አሥራ ሁለተኛው ሸሽ እሆን ነበር ብዬ እፈራለሁ። ስለ ወገን ደም የምጮህ እኔ።

«ለዚህ መንግሥት ደም እንስጥ ትለናለህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር በየከተማው ለሠራዊቱ ደም ለመስጠት ሕዝብ መሰለፉን ሁላችንም አይተናል። አልነቅፍም፤ ቁስለኛ ቁስለኛ ነው። የማዝነው ያው ሕዝብ በሰላሙ ቀን ለወላድ ለመሰለፍ ቀስቃሽ ማጣቱ ላይ ነው። የማዝነው በዚያው ጦርነት የመቀሌው አይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒት አለቀብን ብለው ሲጮኹ፣ ጩኸቱ የማን ነው ብለን ወገን መርጠን የሰማን ብዙዎች በመሆናችን ነው። ከኦገስት 2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ሌሎች በተራቸው ጆሯቸውን ደፈኑ። የደም ባንክ የገዢ ፓርቲ ንብረት አይደለም። በ1969 በቀይ መስቀል ማኅበር ሥር ተጀመረ፣ ሦስት ሥርዓት አሳለፈ፣ በ2012 ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ ትኩረቱ በምትክ ሰጪ ዘመድ ሳይሆን በፈቃደኛ ለጋሽ ላይ ነው። የምትደማ እናት መንግሥት እስኪለወጥ አትጠብቅም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማኅበሮቻችንና አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹም ጭምር፣ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን አንድ የደም መሰብሰቢያ አውቶብስ ፌርፋክስ ላይ ያስቁሙ። በዚህ አገር ወደ መቶ ሺህ ሰው በሲክል ሴል የደም በሽታ ይሠቃያል፤ አብዛኛው ጥቁር ነው። ለእነሱ የሚስማማው ደም በብዛት የሚገኘው የአፍሪካ ዝርያ ካላቸው ለጋሾች ነው። ትላንት ደማችንን በአፍሪካዊነቱ ከደጅ መለሱት፤ ዛሬ በዚያው አፍሪካዊነቱ ይለምኑታል። ከዚህ የተሻለ መልስ ለ1990 ሰዎች አላውቅም።

ሁለተኛ፣ የሕክምና ሙያ ያላችሁ ልጆቻችን የጥያቄዎቹን ትርጉም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ አዘጋጁልን። ሰው ለምን እንደተመለሰና መቼ መመለስ እንደሚችል በቋንቋው ይረዳ። እትዬ «ደም የለሽም» ተብለው እንዳይቀሩ፣ ከፋሲካ በኋላ ይሂዱ።

ሦስተኛ፣ አገር ቤት ለዘመድ ጥየቃ ስንሄድ፣ ሐኪም ከፈቀደልን፣ አንድ ጠዋት ወደ ደም ባንክ ጎራ እንበል። ሻንጣችንን በሽቶና በጫማ ሞልተን ከምንወስደው ሁሉ ያቺ አንዲት ከረጢት ትበልጣለች።

ሦስት ወሬን ጨርሼ ወደዚያው አውቶብስ ተመልሻለሁ። ያችው ነርስ ነበረች፤ አላወቀችኝም። መርፌው ከገባ በኋላ አሥር ደቂቃም አልፈጀ፤ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው የወሰዱት። ቀይ ደሙ 42 ቀን ይቆያል አሉኝ። እስካሁን አንድ የበርባንክ ወይም የዋትስ ሰው ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እሱም እኔን አያውቀኝም። ያ የቀን ሠራተኛም እኅቴን አያውቃትም ነበር። በዚህ ጊዜ ጭማቂውን ጠጣሁት። ቀጣዩ ቀጠሮዬ ከ56 ቀን በኋላ ነው፤ አብሮኝ የሚሄድ ወገን ካለ ፌርፋክስ ላይ እሑድ እሑድ ያገኘኛል።

ቸር ያሰማን!